የምንጊዜም ምርጡ ቦክሰኛ ማነው? ሳይዋረዱ የመከራከሪያ ዘዴ

እኔ የተዋረድኩት ሰፈራችን ያለ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ወረፋ የያዝነው አራት አምስት እንሆናለን። ወሬው እንደተለመደው ከኳስ ተነስቶ ቡጢ ላይ አረፈ። እኔም «ከታይሰን ወዲያ ቦክሰኛ አልተፈጠረም፣ አለቀ!» ብዬ ዘጋሁት። የዘጋሁት መስሎኝ። ወንበሩ ላይ ጢማቸውን የሚላጩ አንድ ጋሼ ነበሩ። ፊታቸው በአረፋ እንደተሸፈነ በመስታወቱ አዩኝና «እስቲ ልጄ፣ ወድቆ ተነስቶ ያሸነፈበትን አንድ ግጥሚያ ጥራልኝ» አሉኝ።

አሰብኩ። በ1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ ጣለው፣ በዚያው ቀረ። ሆሊፊልድ ጣለው፣ ተሸነፈ። ሌኖክስ ሉዊስ ጣለው፣ ተሸነፈ። የለም! ዝም አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አስተካካዩ ራሱ ምላጩን ከሰውየው ጉንጭ ላይ አንስቶ ነው የሳቀው።

ችግሬ ምን እንደነበር የገባኝ ቤት ስገባ ነው። የታይሰንን ድሎች በቃሌ አውቃለሁ። በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን መሆኑን፣ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ መዘረሩን፣ ሁሉንም። ሽንፈቶቹን ግን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላሰብኳቸውም። የዚህ ክርክር ቁልፉ ደግሞ እዚያ ነው ያለው። ለማንም ቦክሰኛ ከመሟገታችሁ በፊት እንዴት እንደተሸነፈ፣ በማን እንደተሸነፈ፣ ከተሸነፈ በኋላ ምን እንዳደረገ እወቁ። የራሳችሁን ሰው ገመና ከተቃራኒያችሁ ቀድማችሁ ካወቃችሁ ማንም አያስቃችሁም። ወይም አያስቅባችሁም ልበል።

ግን ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ጥያቄውን እናጥራ፤ ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ጥያቄ እየመለሰ ስለሚጯጯህ ነው። አንዱ «ታላቅ» ሲል ታሪክ የለወጠውን ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ በእጅና በእግር ጥበቡ ከሁሉም የሚበልጠውን ነው የሚያስበው። ሦስተኛው ልጅ እያለ በቪዲዮ ያየውንና የፈራውን ያስባል፣ እሱ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ስትጀምሩ «ቆይ፣ ስለየትኛው ነው የምናወራው?» በሉ። እመኑኝ፣ ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ግማሹን ሰው ዝም ታሰኛለች።

ታላቅነት በታሪክ ከሆነ የምትለካው፣ መሐመድ አሊን መንካት ከባድ ነው። የቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ በ1967 የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ተነጠቀ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ የቦክስ ፈቃዱን ተቀማ፣ ከ25 እስከ 28 ዓመቱ፣ ማለትም አንድ ቦክሰኛ ምርጥ በሚሆንበት ዕድሜ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ሪንግ አልረገጠም። ለኛ ሰው አንድ ነገር ጨምሩለት። አሊ፣ ያኔ ካሲየስ ክሌይ፣ በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ወርቅ ባጠለቀ በአምስተኛው ቀን ነው አበበ ቢቂላ በዚያው ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶኑን ያሸነፈው። ይሄ ክርክሩን አያሸንፍላችሁም። ግን ወሬ ያሳምራል።

በታሪክ ከሄድን ግን ጆ ሉዊስን የሚረሳ ሰው በተለይ ኢትዮጵያዊ ከሆነ አዝንበታለሁ። ሰኔ 1935 ነው። ሙሶሎኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን እያጓጓዘ ነው። ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ደግሞ የ21 ዓመቱ ጥቁር ወጣት ጆ ሉዊስና ጣሊያናዊው ግዙፍ ፕሪሞ ካርኔራ ሊገጥሙ ነው። ካርኔራ የቀድሞ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነው፣ በክብደት ሉዊስን ወደ 30 ኪሎ ይበልጠዋል። የአሜሪካ ጥቁሮች ጋዜጦች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን ግጥሚያ አድርገው ነበር የሚያወሩት። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ደጋግሞ ጣለውና ዳኛው አስቆመው። ጣሊያን ወረራውን የጀመረው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሉዊስ ኋላ ሻምፒዮን ሆነና ከ1937 እስከ 1949 ቀበቶውን ሳያስነካ 25 ጊዜ ተከላከለ። በአንድ የክብደት ምድብ ላይ እንዲህ ለረጅም ጊዜ የነገሠ ሌላ የከባድ ሚዛን ሰው የለም።

ወደ ችሎታ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ክብደት። «ታይሰን ሜይዌዘርን በአንድ ቡጢ ይገድለዋል» የሚል ሰው ሁሌም አለ። አዎ ይገድለዋል፣ የ100 ኪሎ ሰው የ67 ኪሎ ሰው ቢመታ ምን ይጠበቃል? ይሄ የቦክስ ክርክር አይደለም፣ የሚዛን ክርክር ነው። ለዚህ ነው «ፓውንድ ፎር ፓውንድ» የሚባለው አነጋገር ያለው። ሁሉም እኩል ቢመዝኑ ማን ይበልጣል ማለት ነው። አባባሉ በጣም የሚያያዘው ከአንድ ሰው ስም ጋር ነው፣ እሱም ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ነው። የኔ ሰው እሱ ነው። ስለዚህ የሽንፈቱን ዘዴ በሱ ላሳያችሁ።

ሮቢንሰን 19 ጊዜ ተሸንፏል። ይሄን ቁጥር የሰማ ተከራካሪ ደስ ይለዋል፣ «ሜይዌዘር እኮ ዜሮ ነው!» ይላል። ይበል፣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ 19ኙ መቼ መቼ እንደሆኑ ጠይቁት። ሮቢንሰን በ1952 ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንቱን ሲሰቅል 131 አሸንፎ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። የቀሩት 16ቱ ሽንፈቶች በ1955 ከተመለሰ በኋላ የመጡ ናቸው፣ እስከ 44 ዓመቱ ሲደባደብ፣ ብዙዎቹ ገንዘብ ፍለጋ ሲታገል። እና ሦስቱን እንያቸው።

አንደኛው የካቲት 1943 ዲትሮይት፣ ጄክ ላሞታ። ሮቢንሰን እስከዚያ ቀን 40 ገጥሞ 40 ያሸነፈ ነው። ላሞታ በክብደት ሰባት ኪሎ ይበልጠዋል፣ ከሪንጉም ገፍትሮ አውጥቶታል። በነጥብ ተሸነፈ። ከዚያስ? ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒውዮርክ ላይ ሌላ ሰው ገጠመና አሸነፈ፣ ከዚያ በሳምንቱ እዚያው ዲትሮይት ተመልሶ ላሞታን በነጥብ ረታ። በሦስት ሳምንት! የዛሬ ሻምፒዮን ከተሸነፈ በኋላ ሦስት ሳምንት ውስጥ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ቃለ መጠይቅ ነው። በአጠቃላይ ስድስት ጊዜ ተጋጥመው አምስቱን ወስዷል። ከዚያች ሽንፈት በኋላ ደግሞ ከስምንት ዓመት በላይ፣ 91 ግጥሚያ ሳይሸነፍ ሄደ።

ሁለተኛው ሐምሌ 1951 ለንደን፣ ራንዲ ተርፒን። ሮቢንሰን አውሮፓን እየዞረ፣ እየተዝናናና እየገጠመ ነበር፣ ተዘናግቶ ገባ፣ በነጥብ ተሸነፈ። በ64ኛው ቀን ኒውዮርክ ላይ እንደገና ገጠመው። በአሥረኛው ዙር ዓይኑ ተሰንጥቆ ደሙ ይፈስ ነበር፣ ግጥሚያው ሊቆምበት ይችላል። እንዲህ ሆኖ ነው ተርፒንን ጥሎ፣ ከገመድ ላይ አስደግፎ እስኪያስቆሙት ድረስ የቀጠቀጠው።

ሦስተኛው የምወደው ነው፤ ሽንፈት የሚወደድ ከሆነ። ሰኔ 1952 ያንኪ ስታዲየም። ሮቢንሰን የመካከለኛ ሚዛን ሰው ሆኖ ጆይ ማክሲም የተባለውን የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነው የሚገጥመው። ሙቀቱ ሪንጉ ላይ 40 ዲግሪ ያህል ነው። ዳኛው ራሱ ከ10ኛው ዙር በኋላ ሙቀቱ አሸንፎት ተቀየረ፣ ዳኛው! ሮቢንሰን በሦስቱም ነጥብ ሰጪዎች ዘንድ እየመራ ነበር። 13ኛው ዙር ላይ ሰንዝሮ ሳተ፣ በራሱ ቡጢ ተስቦ ወደቀ። ለ14ኛው ዙር ከወንበሩ መነሳት አልቻለም። ማክሲም አይደለም ያሸነፈው፣ ሙቀቱ ነው ብላችሁ ብትከራከሩ ብዙም አትዋሹም፤ ምንም እንኳ ማክሲምም ያንኑ ሙቀት ቢታገስም። ይሄን «ምንም እንኳ» ራሳችሁ ቀድማችሁ በሉት። ሌላ ሰው ካለው ይወጋችኋል፣ እናንተ ካላችሁት ግን ሐቀኛ ትመስላላችሁ።

ዘዴው ገባችሁ አይደል? አሁን ይሄንኑ ዜሮ ሽንፈት ባላቸው ላይ አድርጉት። የነሱ ሽንፈት ስለሌለ የሚታየው ማንን መቼ ገጠሙ የሚለው ነው። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ለ0፣ 43ቱን በዝረራ። ድንቅ ነው። ግን ጆ ሉዊስን ሲያሸንፈው ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር፣ ጡረታ ወጥቶ በታክስ ዕዳ ምክንያት የተመለሰ ሰው። ቀበቶውን የወሰደበት ጀርሲ ጆ ዋልኮት 38 ነበር፣ እሱም ቢሆን እስከ 13ኛው ዙር በነጥብ እየመራው ነበር። በዚያ በኩል ደግሞ ማርሲያኖ እየተመራ በአንድ ቀኝ እጅ ሰው መጨረሱን አትካዱ፤ ያ ቡጢ ዛሬም ሲያዩት ያማል።

ሜይዌዘር 50 ለ0። 50ኛው ኮኖር ማክግሪጎር ነው፣ በፕሮፌሽናል ቦክስ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ያልገጠመ። ፊሊፒናዊውን ማኒ ፓኪያኦን ሲገጥም ዓለም ሁሉ ቢያንስ አምስት ዓመት ጠብቆ ነው፣ በ2015። በ2002 ከሆሴ ሉዊስ ካስቲዮ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ደግሞ ያሸነፈው ካስቲዮ ነው የሚል ሰው ዛሬም ብዙ ነው። ይሄን ስትሉ የሜይዌዘር ደጋፊ ይናደዳል። ይናደድ። ከተረጋጋ በኋላ ግን በዚያው ዓመት ካስቲዮን እንደገና ገጥሞ መርታቱን ንገሩት። ፍትሐዊ ሁኑ፤ መከላከልን ከሱ በተሻለ የተጫወተ እኔ በዘመኔ አላየሁም።

አሊንም አታሳልፉት። በ1976 ከጂሚ ያንግና ከኬን ኖርተን ጋር የተሰጡለት ውሳኔዎች ዛሬም ያከራክራሉ። በ1963 ለንደን ላይ ሄንሪ ኩፐር በግራ ሁክ (ክንድን አጥፎ ከጎን በሚሰነዘር ቡጢ) ሲጥለው ደወሉ ነው ያዳነው፣ ከዚያም አሠልጣኙ የተቀደደ ጓንት አሳይቶ ትንሽ ጊዜ ገዛለት። የአሊ ጠላቶች ይቺን ይወዷታል። መልሱ ግን ቀላል ነው፣ ተነስቶ በሚቀጥለው ዙር ጨረሰው። የጋሼ ጥያቄ ትዝ አላችሁ? አሊ ስንት ጊዜ ወድቆ ተነስቶ አሸንፏል! እና ኪንሻሳ 1974። ጆርጅ ፎርማን 40 ገጥሞ 40 አሸንፎ፣ 37ቱን በዝረራ ጨርሶ ነው የመጣው፤ ፍሬዘርንና ኖርተንን፣ ማለትም አሊን ያሸነፉትን ሁለቱን ሰዎች፣ እያንዳንዳቸውን በሁለት ዙር ነው የበላቸው። አሊ 32 ዓመቱ ነው፣ እግሩ እንደ ድሮ አይታዘዝም። ገመዱን ተደግፎ ሲመታ ዋለ፣ ስምንተኛው ዙር ላይ የደከመውን ሰው ዘረረው። ለአሊ የምትሟገቱ ከሆነ መዝጊያችሁ ይሄ ይሁን። ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው።

ዘመንን ማነጻጸር ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል፣ ስለዚህ ትንሽ ሒሳብ። በ1930ዎቹ የክብደት ምድቦቹ ስምንት ነበሩ፣ ባብዛኛውም በየምድቡ አንድ ሻምፒዮን። በዓለም ላይ ስምንት ሰው ገደማ ማለት ነው። ዛሬ 17 ምድብ አለ፣ አራት ትልልቅ ድርጅቶችም የየራሳቸውን ቀበቶ ይሰጣሉ። 17 በ4 ስታበዙት 68። ስለዚህ «ፓኪያኦ በስምንት ምድብ ሻምፒዮን ሆኗል» ሲባል፣ እውነት ነው፣ ከሱ በቀር ማንም አላደረገውም፣ ከ50 ኪሎ አካባቢ ተነስቶ እስከ 70 ኪሎ መውጣትም ተአምር ነው፤ ግን ሄንሪ አርምስትሮንግን አስቀምጡበት። በ1938 ከስምንቱ ቀበቶ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። በተራ አይደለም፣ በአንድ ጊዜ። ወጣት ተከራካሪዎች ስሙን ሰምተውት አያውቁም፣ ስለዚህ ኪሳችሁ ውስጥ አስቀምጡት፣ በሚያስፈልግ ሰዓት ታወጡታላችሁ።

ለድሮ ሰዎች ያደላሁ ከመሰለ፣ የዛሬዎቹንም አትናቁ። ዩክሬናዊው ኡሲክ በክሩዘር ሚዛን ሁሉንም ቀበቶ ከሰበሰበ በኋላ ወደ ከባድ ሚዛን ወጥቶ፣ በቁመትም በክብደትም የሚበልጡትን እነ ጆሹዋንና ፊዩሪን ሁለት ሁለቴ አሸንፏል። ቴረንስ ክሮፎርድ በ2025 ሁለት ምድብ ዘሎ ሜክሲኳዊውን ሻምፒዮን ካኔሎን በነጥብ ረቷል። ያቺን እሁድ ንጋት በአዲስ አበባ ሰዓት ተነስቶ ያየ ሰው ያውቃል። እንቅልፍ ያሳጣል ግን ይገባዋል።

አሁን ስለ ማየት። ብዙ ሰው የሚከራከረው የዝረራ ቅንጭብ አይቶ ነው። በቅንጭብ ሁሉም ሰው ታይሰን ነው። አንድ ሙሉ ግጥሚያ ክፈቱ፣ የተንታኙን ድምፅ አጥፉት፣ ለሁለት ዙር እጅ አትዩ፣ እግር ብቻ እዩ። ማን ነው ሌላውን የሚያስኬደው? ማን ነው ሳይመታ የሚቀርብ፣ መትቶ የሚርቅ? ከዚያ ድምፁን መልሱት፤ ተንታኙ ስንቱን እንዳላየ ትገረማላችሁ። አሊን ማየት ከፈለጋችሁ በ1966 ክሊቭላንድ ዊሊያምስን የገጠመበትን እዩ፤ ዊሊያምስ ከዚያ በፊት በፖሊስ ጥይት ተመትቶ የተረፈ ሰው መሆኑን ሳትረሱ። ሮቤርቶ ዱራንን ማየት ከፈለጋችሁ የ1989ኙን ከአይራን ባርክሌይ ጋር። 37 ዓመቱ ነው፣ መጀመሪያ ሻምፒዮን የሆነው በቀላል ሚዛን ነው፣ ባርክሌይ ግንብ ነው። በ11ኛው ዙር ጣለው። ዱራን በ1980 ሬይ ሊዮናርድ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ «በቃኝ» ያለበትን ቀን የሚያነሳባችሁ ሰው አይጠፋም፣ ለሱ ይሄን አሳዩት።

ፊልም ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ሮቢንሰን ምርጥ በነበረበት በዌልተር ሚዛን (እስከ 67 ኪሎ ገደማ) ዘመኑ የተቀረፀ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ሃሪ ግሬብ የሚባል ሰው ደግሞ አለ፣ ወደ 300 ጊዜ የገጠመ፣ ኋላ ላይ በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ፣ ኋላ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነውን ጂን ተኒን በፕሮፌሽናል ቦክስ ያሸነፈ ብቸኛ ሰው። የአንዱም ግጥሚያው ፊልም የለም። ስለዚህ «አይተኸዋል?» የምትለዋን ጥያቄ ተዉአት። እኔ ኃይሌ ሲሮጥ አይቻለሁ፣ አበበን ግን በአካል አላየሁም፣ እና አበበ አልሮጠም ልበል? በተለይ ትልልቅ ሰዎችን «አይተዋል?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ምናልባት አይተዋል። አለቀላችሁ ማለት ነው።

እና አንድ ነገር ስጡ። ክርክር ላይ ምንም የማይሰጥ ሰው ድርቅ ያለ ይባላል፣ ከዚያ በኋላ እውነት ቢናገርም ማንም አይሰማውም። እኔ ሮቢንሰንን ይዤ ስሟገት ታላቅነትን ለአሊ እሰጣለሁ፣ ረጅም ንግሥናን ለሉዊስ፣ መከላከልን ለሜይዌዘር። ለኔ የምትቀረኝ አንዲት ነገር ናት፦ ከራሱ እኩል ክብደት ካለው ሰው ጋር፣ በጉብዝናው ዘመን፣ የትኛውንም ቀን፣ ማን ያሸንፈዋል? ዝም።

ባለፈው ወር እዚያው ፀጉር ቤት ጋሼን አገኘኋቸው። ያው ወንበር፣ ያው አረፋ። ተዘጋጅቼ ነበር። ሮቢንሰንን አነሳሁ፣ ሦስቱን ሽንፈቶች ራሴ ዘረዘርኩ፣ የማክሲምን ሙቀት ሳይቀር። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የግንቦት 1957ቱን አሳየኋቸው፣ ቺካጎ፣ ጂን ፉልመር፣ አምስተኛው ዙር። ፉልመር ከዚያ በፊት ተዘርሮ አያውቅም። ሮቢንሰን 36 ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነው፣ ሁለት ቀኝ ወደ ሆድ ላከ፣ የፉልመር እጅ ወረደ፣ ግራ ሁክ። አንዲት ብቻ። ፉልመር ለመነሳት ሲታገል ገመዱን ይዞ እንኳ አልቻለም።

ጋሼ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። «መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። ሦስተኛም አዩት።

«ግራው ጥሩ ናት» አሉ። «አሊ ግን እዚያ ቦታ ላይ አይቆምም ነበር፣ እንዲህ ዞር ብሎ...» ብለው ለማሳየት አንገታቸውን ወደ ኋላ ሲመዙ አስተካካዩ ጮኸ፦

«ጋሼ! ምላጭ ይዣለሁ እኮ!»